ሞተረኛው ወደቀ፤ ጉዳቱን የሚያከብደው ምንድን ነው?

መሀል ከተማ ላይ ሞተር በወደቀ ቁጥር ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «እነዚህ ልጆች አብደዋል፣ ሞተር ይታገድ» ይላል። ሌላው «ባለመኪናው ነው የገጨው፣ ልጁ ምን ያድርግ» ይላል። ክርክሩ ሁለት ሦስት ቀን ይግልና ይበርዳል። ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለ ጥፋተኛው ነው። ማን አጠፋ የሚለው ለፍርድ ቤትና ለኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ግን አንዱ ልጅ ወድቆ ተነስቶ ሱሪውን አራግፎ ሲሄድ፣ ሌላው በዚያው ፍጥነት ወድቆ ዕድሜ ልኩን የሰው እጅ ጠባቂ ሆኖ የሚቀረው ለምን እንደሆነ አይነግረንም።

መውደቅ አንድ ነገር ነው፤ መጎዳት ሌላ ነው። ሰውን ከሞተር የሚጥሉ ምክንያቶች አሉ። ውድቀቱን ወደ ከባድ ጉዳት የሚቀይሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ናቸው፤ ፍጥነት፣ ፍሬን፣ ያልታሰረ ሄልሜት፣ የባከነ ሰዓት። ከተማው ሞተርን መከልከል ወይም መፍቀድ ላይ ብዙ ተከራክሯል። እነዚህ ላይ ግን ገና በቅጡ አልተወያየም።

እገዳው ምን ፈታ?

አዲስ አበባ ሞተርን አግዳ አይታዋለች። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የከተማው አስተዳደር ሞተር ብስክሌት በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከለከለ። የተሰጠው ዋና ምክንያት በሞተር የሚፈጸም ቅሚያ እንጂ የትራፊክ አደጋ አልነበረም። ስልክና ቦርሳ ነጥቀው የሚሰወሩ ሰዎች ነዋሪውን አማርረውት ነበር። ቆይቶ ሞተር በምዝገባና በፈቃድ ተመለሰ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ካዛንቺስ ወይም ሜክሲኮ የቆመ ሰው፣ ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ሞተሮች የከተማው ኑሮ አካል እንደሆኑ ያያል።

እገዳን የሚደግፉ ሰዎች ሐሳብ መናቅ የለበትም። ሞተር ከሌለ የሞተር አደጋ የለም፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ሒሳቡ እዚያ ላይ አለማለቁ ነው። ሞተር የያዘው ሥራ አይጠፋም። ወደ መኪና፣ ወደ ብስክሌት ወይም ተደብቆ ወደሚሠራ ሞተር ይሄዳል። ተደብቆ የሚሠራ ሞተር ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ይሸሻል፤ ሽሽት ራሱ አደጋ ነው። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። የሚገድላቸው በአመዛኙ አራት ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ነው። ሞተር ቢጠፋም ያ አይቀየርም።

ሌሎች የአፍሪካ ከተሞችም ይህን ጥያቄ ተጋፍጠዋል። ሌጎስ በ2020 እና በ2022 (እ.ኤ.አ.) ኦካዳ የሚባሉትን ታክሲ ሞተሮች ከብዙ ቦታዎች አስወጥታለች። ኪጋሊ ደግሞ ሞተርን ሳታስወጣ ሥርዓት ማስያዝን መረጠች። እዚያ የሞተር ታክሲ ነጂው ለተሳፋሪው ሁለተኛ ሄልሜት ይዞ ይዞራል። ከሁለቱ ለአዲስ አበባ የሚቀርበው የኪጋሊው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እኛም ሞተሩን መልሰናል። የቀረው መመለሱን ከነኃላፊነቱ መያዝ ነው።

ፍጥነት ሰው ላይ ምን ያደርጋል?

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ60 ደግሞ ወደ 17 ሜትር። አንድ ሰከንድ ማለት ንቁ ሰው እንኳ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ገና ፍጥነት መቀነስ ሳይጀምር ይህን ያህል መንገድ አልፏል።

ከዚያ ፍሬኑ ሥራውን ይጀምራል። ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ጥሩ ፍሬን ያለው ሞተር ከ30 ለመቆም 5 ሜትር ያህል ይበቃዋል። ከ60 ለመቆም 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሁለቱን ስንደምር 13 ሜትርና 37 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መቆሚያው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እርጥብ መንገድ ላይ የ60ው ከ50 ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ለሰውነት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አካል የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ከቆመ ነገር ጋር መላተም፣ ከ10 ሜትር ከፍታ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ እንደመውደቅ ነው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ያንን ጉልበት ከመኪናው አካል፣ ከቀበቶውና ከአየር ከረጢቱ ጋር ይካፈለዋል። ሞተረኛ የሚካፈለው የለም። ሁሉም አጥንቱና ሥጋው ላይ ያርፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ አደጋ በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ይገልጻል። ይህ ለመሀል ከተማ ትልቅ ትርጉም አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ መስቀል አደባባይንና ሌሎችንም ቀይሯል። አስፋልቱ ለስልሷል፣ መንገዱ ደምቋል፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። በጉድጓድ ምክንያት የሚወድቅ ሞተረኛ ሊቀንስ ይችላል። ግን ለስላሳና ሰፊ መንገድ ለነጂው «ሂድ» ይለዋል፤ በተለይ መኪና ሲቀንስ ማታ። ድሮ ጉድጓዱ ያስገድድ የነበረውን ቀስታ አሁን ሌላ ነገር ማስገደድ አለበት። ከፍ ያለ ዜብራ፣ ጠበብ ያለ መታጠፊያና የፍጥነት ቁጥጥር ለዚህ ነው የሚያስፈልጉት።

«አላየሁትም» የሚለው ሾፌር

ከግጭት በኋላ ሾፌሮች ደጋግመው የሚሉት «ከየት መጣ ሳልል ገባብኝ» ነው። ሰበብ ብቻ አድርገን ማየት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ1981 በታተመ ጥናት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄደው መርምረው ነበር። ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር የተደረጉ ግጭቶች ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ በሚሆኑት ቅድሚያ የነፈገው የሌላው ተሽከርካሪ ሾፌር ነበር። አብዛኞቹ ሾፌሮች ሞተሩን አላዩትም፤ ወይም ያዩት ከረፈደ ነው። ከዓመታት በኋላ አምስት የአውሮፓ አገራት ውስጥ 921 አደጋዎችን የተከታተለ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። በግማሽ ያህሉ ዋናው ስህተት የሌላው ሾፌር ነበር፤ ከሲሶ በትንሹ በሚበልጡት ደግሞ የሞተረኛው።

የካሊፎርኒያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። ከአደጋው በፊት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት 48 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። በግጭቱ ቅጽበት ደግሞ ወደ 35 ወርዶ ነበር። ማለትም ሰው የሚጎዳው ሲከንፍ ብቻ አይደለም። የዕለት ተዕለት የከተማ ፍጥነት ይበቃል።

ሾፌር ሞተርን ለምን ያጣዋል? ሞተር ከፊት ሲታይ ጠባብ ነው። ዓይናችን የሚመጣን ነገር ርቀት የሚገምተው ከመጠኑ ነው፤ ትንሽ ነገር ሩቅ ይመስላል። ስለዚህ ሾፌሩ አይቶትም «ገና ነው፣ እደርሳለሁ» ብሎ ይታጠፋል። መሀል አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህን የሚያባብስ ብዙ ነገር አለ። ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማንሳት ድንገት ወደ ዳር ይገባል፣ ሳይታሰብም ይወጣል። ከራይድ የሚወርድ ሰው በሩን ወደ መንገዱ ይከፍታል። በቆሙ መኪናዎች መሀል የሚሾልክ ሞተረኛ ከፊት ያለው ሾፌር በስፖኪዮው የማያየው ቦታ ላይ ይገባል። መብራት በርቶ ትልልቆቹ መኪኖች ሲነሱ ከሀይገር ጎን የቆመው ሞተር ለሾፌሩ የለም።

ቀን ቀን መብራት አብርቶ መንዳት ለዚህ ጥሩ መፍትሔ ነው። እዚህ ግባ የሚባል ነዳጅ አይበላ፣ ገንዘብ አይጠይቅ። የዝናብ ጃኬት ሲገዙ ከጥቁሩ ይልቅ ደማቁን መምረጥም እንዲሁ። ሁለቱም ግን የሞተረኛው ድርሻ ናቸው። የሾፌሩ ድርሻ ከመታጠፍ በፊት ሁለተኛ ጊዜ ማየት ነው። ይህ በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ በደንብ ቢሰጥ የብዙ ሰው ሕይወት ላይ ለውጥ ያመጣል።

ከጭቃ የመጣ ልማድ

አሁን ብዙም ወደማይወራበት ጉዳይ እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሞተር ማለት የገጠር ሥራ መሣሪያ ነበር። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ሠራተኛው፣ የድርጅት ሠራተኛው የሚነዳው ከፍ ያለ፣ ጎማው ጥርስ ያለው፣ ለጥርጊያና ለጭቃ መንገድ የተሠራ ሞተር ነው። ብዙ ሰው መንዳት የተማረው በዚያ ነው። እንደዚህ ያሉ ሞተሮች መሀል ከተማም አሉ።

ይህ ሞተር ጭቃ ላይ ጎበዝ ነው። አስፋልት ላይ ግን ጥርሳም ጎማ መሬቱን የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ በተለይ እርጥብ አስፋልት ላይ መያዣው ያነሰ ነው። ቁመቱ ከፍ ያለ በመሆኑም ድንገት ሲታጠፍ ሚዛኑ ቶሎ ይናጋል።

ከሞተሩ በላይ ግን ልማዱ ነው የሚያሳስበው። ጠጠርና ጭቃ ላይ የፊት ፍሬን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይጥላል። ስለዚህ ጀማሪ ከሚነገረው የመጀመሪያ ምክር አንዱ «የፊቱን አትንካ» የሚል ነው። ምክሩ እዚያ ልክ ሊሆን ይችላል። አስፋልት ላይ ግን ተቃራኒው ነው እውነቱ። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩ ክብደት ወደፊት ይሄዳል፤ የፊት ጎማ መሬቱን ይጫናል። በዚህ ምክንያት ደረቅ አስፋልት ላይ ከማቆም አቅሙ አብዛኛው፣ 70 በመቶና ከዚያ በላይ፣ የሚገኘው ከፊት ፍሬን ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው መቆሚያውን በጣም ያረዝማል። አጥብቆ ሲረግጥ ደግሞ የኋላ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል። አስፋልት ላይ የሚታየው ረጅም ጥቁር መስመር ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሁለቱንም ፍሬን አንድ ላይ መጠቀም ነው። የፊቱን ደግሞ ድንገት ጨምድዶ ሳይሆን እየጨመሩ መያዝ። ይህ በወሬ አይለመድም። ባዶ ቦታ ላይ ደጋግሞ መሞከር ይጠይቃል። ኤቢኤስ የሚባለው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከለክል መሣሪያ ይህን በተወሰነ ደረጃ ይተካል። አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት ኤቢኤስ ያላቸው ሞተሮች ለሞት የሚያበቃ አደጋ ላይ የመውደቅ ዕድላቸው በ22 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። የአውሮፓ ኅብረትና ሕንድም ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ግዴታ አድርገውታል። እኛ ጋ ለማድረስ ሥራ የሚውሉት አብዛኞቹ ትንንሽ ሞተሮች ግን ይህ የላቸውም። ስለዚህ እጅና እግር በደንብ መሠልጠን አለባቸው።

መሀል ከተማ ይህን የሚፈትን ቦታ ሞልቷል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና እንውሰድ። ቁልቁለት ላይ መቆሚያ ይረዝማል። የክረምት የመጀመሪያ ዝናብ ሲወርድ ደግሞ በበጋው አስፋልት ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ያሙለጨልጫል። ዝናቡ ሲበረታ ይታጠባል፤ አደገኛዎቹ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። የዜብራው ነጭ ቀለምና የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን ሲረጥቡ ከአስፋልቱ በላይ ያንሸራትታሉ። እዚያ ላይ ፍሬን የያዘ ወይም ያጋደለ ሞተር በቀላሉ ይወድቃል።

ሄልሜት፦ መኖሩና መሥራቱ

ሕጉ ሞተረኛ ሄልሜት እንዲያደርግ ያስገድዳል። መሀል ከተማ ላይ አብዛኛው ሞተረኛም ሄልሜት አለው። ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የአንዱ ማሰሪያ ደረቱ ላይ ይወዛወዛል። የሌላው መቆለፊያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በገመድ ቋጥሮታል። አንዱ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ትራፊክ ሲያይ ያጠልቀዋል። ለግንባታ ሥራ የተሠራውን የፕላስቲክ ቆብ የሚያደርግም አለ። ከኋላ የተቀመጠው ብዙ ጊዜ ምንም የለውም።

አሠራሩን ማወቅ ልዩነቱን ያስረዳል። ጭንቅላት ከመሬት ጋር ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም፣ ውስጥ ያለው አንጎል ግን ጉዞውን ይቀጥላል። ከራስ ቅሉ ጋር ይላተማል፤ ይጠማዘዛል፤ ደም ሥሮቹ ይበጠሳሉ። የሄልሜት ዋና ሥራ ከውጭ ያለው ጠንካራ ቅርፊት አይደለም። ከውስጥ ያለው ወፍራም ፎም ነው። ፎሙ ሲጨፈለቅ ጭንቅላቱ የሚቆምበትን ጊዜ በጥቂቱ ያስረዝመዋል። ያች ከሰከንድ ሺህኛ የምትቆጠር ጊዜ አንጎልን ታተርፋለች። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም ተመልሶ አይነሳም። ስለዚህ ከባድ ግጭት ያየ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም መቀየር አለበት። የግንባታ ቆብ ከላይ ለሚወድቅ ነገር እንጂ ለዚህ አልተሠራም።

ማሰሪያው ከላላ ደግሞ ሄልሜቱ ከመጀመሪያው ግጭት ጋር ይወልቃል። ሞተረኛ ሲወድቅ ጭንቅላቱ የሚመታው አንዴ ብቻ አይደለም። ከመኪናው፣ ከዚያ ከአስፋልቱ፣ ከዚያ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ሊጋጭ ይችላል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የብዙ ጥናቶች ግምገማ ሄልሜት የሞት ዕድልን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። «ሄልሜት አንገት ይሰብራል» የሚለውን ወሬ ግን ጥናቶች አልደገፉትም።

በገበያ ያለውን ጥሩ ከመጥፎ መለየት ከባድ ነው። አንድ የሚረዳ ነገር አለ። የአውሮፓን መስፈርት ያለፈ ሄልሜት ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ትንሽ ምልክት አለው፤ በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደልና ቁጥር። ምልክቱም ሊኮረጅ ስለሚችል ፎሙን በጣት መንካት ያስፈልጋል። ቀጭን ስፖንጅ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ፎም ጭራሽ ከሌለው፣ መግዛት አያስፈልግም። አገጭን የሚሸፍነው ዓይነት ፊትና መንጋጋንም ይጠብቃል። ይሞቃል፣ ውድም ነው። እንደ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ለሚውል ሰው ከጎማ ቀጥሎ መውጣት ያለበት ወጪ ይህ ነው።

ቬትናም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። በታኅሣሥ 2007 (እ.ኤ.አ.) ሄልሜትን በሁሉም መንገድ ላይ ግዴታ አደረገችና ቁጥጥሩን አጠበቀች። አጠቃቀሙ ከ40 በመቶ አካባቢ ተነስቶ ከ90 በመቶ በላይ ገባ። በተመረጡ ሆስፒታሎች የጭንቅላት ጉዳት በ16 በመቶ፣ ሞት በ18 በመቶ ቀነሰ። አጠቃቀሙ እንዲህ ሲጨምር ጉዳቱ በዚያው ልክ ያልቀነሰበት አንዱ ምክንያት በየገበያው የተሸጠው ደካማ ሄልሜትና ያልታሰረው ማሰሪያ ነው። እኛ ጋ ትራፊክ ፖሊሱ «አለህ ወይ» ብሎ ብቻ ካለፈ ያው ነው የሚሆነው።

ሄልሜት እግርን አያድንም። ከሞተረኛ ሰውነት በብዛት ከሚጎዱት አንዱ ቅልጥም ነው። የቅልጥም አጥንትን ከፊት የሚሸፍነው ቆዳ ብቻ ነው፤ ሥጋ የለውም። ሲሰበር በቀላሉ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። ከመንገድ ውጪ ለስፖርት ሞተር የሚነዱ ሰዎች እንደሚወድቁ አውቀው ነው የሚለብሱት። እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት፣ የጉልበት መከላከያ፣ የደረት ጋሻ ያደርጋሉ። የእኛ ሞተረኛ ግን በሚኒባስና በሲኖትራክ መሀል እየዋለ፣ እግሩ ላይ ያለው ሸራ ጫማ ወይም ነጠላ ጫማ ነው። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጠንካራ ቆዳ ጫማ ብቻ እንኳ ብዙ ይለውጣል።

በጉዞ ልክ የሚከፈል ሰው

ዕቃ አድራሽ ሞተረኛ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ባደረሰው ዕቃ ቁጥር ነው። ከንፎ ቢሄድ ቀኑን ያተርፋል፤ ተረጋግቶ ቢሄድ ይከስራል። ስልኩ መሪው ላይ ታስሮ ካርታ ያሳየዋል፣ ይደወልለታል፣ አዲስ ትዕዛዝ ይገባል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም በአንዴ ይርበዋል። ሞተሩን በብድር የገዛ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ አለበት።

ድርጅቶቹ በበኩላቸው «ነጂው ራሱን የቻለ ሠራተኛ ነው፣ ፍጠን አላልነውም» ሊሉ ይችላሉ። ይህ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። አንዳንዱ ሞተረኛ ነፃነቱን ይፈልገዋል፤ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ያርፋል። ግን የአከፋፈሉን ሒሳብ የሚሠራው ድርጅቱ ነው። ሒሳቡ ፍጥነትን የሚሸልም ከሆነ ምክር ብቻ አይመልሰውም። ደንበኛውም ድርሻ አለው። «የት ደረስክ?» ብሎ ሦስት ጊዜ መደወል፣ ያ ሰው በአንድ እጁ እንዲነዳ ማድረግ ነው። ድርጅቱ የመድረሻ ሰዓቱን በዝናብ ቀን ቢያራዝም፣ ነጂው መንገድ ላይ ሳለ ጥሪ እንዳይገባ ቢያደርግ፣ ደህና ሄልሜት ገዝቶ ቢሰጥ፣ ከባድ ወጪ አይሆንበትም።

የመጀመሪያው ሰዓት

አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲወድቅ ቶሎ ሰው ይሰበሰባል። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ እጁን፣ ሌላው እግሩን ይዞ ያነሱታል፤ ሄልሜቱን ይነቅሉታል፤ ውኃ ያጠጡታል፤ የመኪና የኋላ ወንበር ላይ አጣጥፈው ያስገቡታል። ሁሉም የሚያደርጉት ለመርዳት ነው። ግን የአንገት ወይም የጀርባ አጥንቱ የተጎዳ ሰው እንዲህ ሲነሳ እስከወዲያኛው ሽባ ሊሆን ይችላል።

መደረግ ያለበት ቀላል ነው። መኪኖችን ማስቆም። 907 (የቀይ መስቀል አምቡላንስ) ወይም 939 (የእሳትና ድንገተኛ አደጋ) መደወል። የሚፈስ ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን። እየተነፈሰ ከሆነ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ሳያንቀሳቅሱ መያዝና ሄልሜቱን መተው። መተንፈስ ካቃተውና ሄልሜቱ ካፈነው ብቻ፣ አንዱ አንገቱን ደግፎ ሌላው በቀስታ ያውልቅለት። ምግብና ውኃ አለመስጠት፤ ሆስፒታል ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

የጭንቅላት ጉዳት አንድ አታላይ ጠባይ አለው። ሰውየው ለጥቂት ደቂቃ ራሱን ይስትና ይነቃል። «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የራስ ቅሉ ውስጥ ግን ደም እየተጠራቀመ ነው። ከሰዓታት በኋላ ራስ ምታቱ ይብሳል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቤተሰብ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ይላል። ራሱን የሳተ ሰው፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ሆስፒታል መታየት አለበት። ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚፈስ ጥርት ያለ ፈሳሽ ካለ ነገ የሚባል የለም። ለእንዲህ ያለ ጉዳት ጥቁር አንበሳና አቤት ሆስፒታል ይታወቃሉ።

ስብራት ላይ ደግሞ ብዙ ቤተሰብ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ወጌሻን መሳደብ ለማንም አይጠቅምም። ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ሰው ያምነዋል፤ ቀላል ወለምታን የሚያስታግሱ ልምድ ያላቸው አሉ። ግን ሁለት ነገር ከወጌሻ አቅም በላይ ነው። አንዱ ቆዳ ቀዶ የወጣ ስብራት ነው። በፍጥነት፣ ቢቻል በመጀመሪያው ሰዓት፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይፈልጋል፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ይታጠባል። ካልሆነ ቁስሉ አጥንቱ ድረስ ያመረቅዛል። ሁለተኛው እብጠት ነው። የተሰበረ እግር ያብጣል። በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ከታሰረ እብጠቱ መውጫ ያጣና ደም ሥሩን ይጫነዋል። ደም ያጣ ጡንቻ በስድስት ሰዓት አካባቢ መሞት ይጀምራል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሕመሙ በማስታገሻ የማይመለስ ከሆነ ማሰሪያውን ወዲያው ፈትቶ ሆስፒታል መሮጥ ነው። እግር የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ በግጭቱ ሳይሆን በዚህ መዘግየት ነው።

ሕክምናውን ማን ይከፍላል?

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። በመኪና ወይም በሞተር የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዲያገኝም ደንግጓል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛ ወገን ማለት በሞተሩ የተገጨው ሰው ነው። ብቻውን ተንሸራትቶ የወደቀው ነጂ ለራሱ መድን ሦስተኛ ወገን አይደለም። ለራሱ የገባው ተጨማሪ መድን ከሌለው የቀዶ ሕክምናው፣ የብረቱ፣ የወራት ሥራ ማጣቱ ወጪ በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

ተቀጣሪ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። «ራሱን የቻለ» የተባለው ሞተረኛ ግን ከዚህም ውጪ ይቀራል። ከላይ የጠቀስኩት የድርጅቶቹ ክርክር ክብደቱ የሚታየው ያኔ ነው። ቢያንስ ማንም ድርጅት ሞተረኛ ሥራ ከማስጀመሩ በፊት የግል አደጋ መድን መኖሩን ማረጋገጥ ግዴታው ቢሆን ተገቢ ነው።

ያልተመዘገበው አደጋ

እነዚህን ሁሉ ለማስተካከል መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት፣ ኢትዮጵያ ለ2016 (እ.ኤ.አ.) ያሳወቀችው የመንገድ አደጋ ሞት 4,352 ነበር። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን ከ27 ሺህ በላይ ነው። በግምቱ ላይ መከራከር ይቻላል፤ ክፍተቱ ግን በጣም ሰፊ ነው። የሞተር አደጋ ደግሞ ለመሰወር ይመቻል። ሌላ ተሽከርካሪ ሳይነካው የወደቀ ሰው ፖሊስ አይጠራም። ጓደኞቹ ያነሱታል፣ ሞተሩ ጋራዥ ይገባል፣ እሱ ወጌሻ ጋ ወይም ክሊኒክ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ቢሞት እንኳ ከአደጋው መዝገብ ጋር ላይገናኝ ይችላል።

ነገሩ ወደፊት ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮችም እየበዙ ነው። ለአየሩና ለወጪ ጥሩ ናቸው። ግን ድምፅ የላቸውም፤ ሲነሱም ፈጣን ናቸው። ሞተርን በድምፁ ለለየ እግረኛ፣ ከሁሉም በላይ ለዓይነ ስውራን፣ ይህ አዲስ አደጋ ነው። ለእነዚህ ሞተሮች መለያ ሰሌዳ፣ መንጃ ፈቃድና መድን ከወዲሁ በጥብቅ ካልተጠየቀ፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ያንኑ የ2011 ክርክር እንደግመዋለን።

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የጥቁር አንበሳ፣ የአቤትና የሌሎች የከተማው ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል በሞተር የመጣን ሰው ሁሉ ሲቀበል አራት ነገር ይመዝግብ፦ የት ወደቀ፣ ከምን ጋር ተጋጨ፣ ሄልሜቱ ታስሮ ነበር ወይ፣ በሥራ ላይ ነበር ወይ። መዝገቡ በየወሩ ለትራፊክ ፖሊስና ለከተማው የመንገድ ደህንነት ባለሙያዎች ይድረስ። በአንድ ዓመት ውስጥ የትኛው መታጠፊያ፣ የትኛው ቁልቁለት፣ የትኛው ሰዓት እግርና ጭንቅላት እየሰበረ እንደሆነ በቁጥር ይታወቃል።